ለቆዩ የቫልቭ አምፕሊፋየሮችና ሬዲዮዎች የከፍተኛ ቮልቴጅ ፓወር ሰፕላይ አመራረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካልተገለጸ በቀር ስሌቶቹ በሙሉ ለ220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ መስመር የተሠሩ ናቸው።

ቢ ፕላስ የሚባለው የቱ ነው? ስንት ቮልትስ ነው?

የቫልቮቹ (የቫኩም ቱቦዎቹ) አኖድ የሚመገበው ከፍተኛው የዲሲ ቮልቴጅ ነው። ካቶዱ ሲግል ኤሌክትሮን ይለቃል፤ አኖዱ በደንብ ፖዘቲቭ ካልሆነ ግን ባዶውን ቦታ አሻግሮ ሊስበው አይችልም። በጠረጴዛ ሬዲዮ ላይ ከ200 እስከ 260 ቮልት፣ ኢኤል84 የተባለ የኃይል ቫልቭ ባላቸው አምፖች ላይ 300 ወይም ትንሽ ከፍ ያለ፣ ኢኤል34 ባላቸው ላይ ከ400 እስከ 450 ቮልት ይገኛል።

ቢ ፕላሱን የሚሰጠው ያው ትራንስፎርመር ካቶዶቹን ለሚያግሉት ሂተሮች 6.3 ቮልት ኤሲ፣ የቫልቭ ሬክቲፋየር (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይር ቫልቭ) ካለም ብዙ ጊዜ ለብቻው 5 ቮልት ያወጣል። ቋሚ ባያስ (የቫልቩን አምፒር የሚወስን የግሪድ ቮልት) ያለው አምፕ ከሆነ ደግሞ ኔጌቲቭ ቮልቴጅ ይጨመርበታል። ትራንስፎርመር የሚፈልግ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ከፍተኛው ቮልት ላይ ነው፤ ለሂተሩ የሚያንስ አምፒር ግን ትራንስፎርመሩን በዚያው ልክ ያቃጥላል።

አጥፍቼ ከሶኬት ነቅዬዋለሁ፤ አሁን ውስጡን ብነካ ችግር አለው?

ለክተው ዜሮ አካባቢ መሆኑን እስኪያዩ ድረስ አይንኩ። 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ400 ቮልት ሲሞላ 8 ጁል ይይዛል፤ ያ ከእጅ ወደ እጅ በደረት በኩል ካለፈ ሊገድል ይችላል። ብሊደር ሬዚስተር (ቻርጁን ቀስ ብሎ የሚያወርድ) ከሌለና ቫልቮቹ ካልሞቁ ቻርጁ ለረጅም ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ካፓሲተር ጫፎች ላይ 220 ኪሎ ኦም፣ 2 ዋት ሬዚስተር በቋሚነት ይበየድ። ከላይ የተጠቀሰውን 100 ማይክሮፋራድ ከ400 ወደ 50 ቮልት ለማውረድ 45 ሴኮንድ ያህል ይወስድበታል።

ለማውረጃ 4.7 ኪሎ ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር በደንብ በተሸፈነ ሽቦና ክሊፕ ያዘጋጁ። አንዱን ጫፍ መጀመሪያ ሻሲው (የአምፑ የብረት አካል) ላይ ይያዙት፣ ሁለተኛውን በአንድ እጅ ብቻ ፖዘቲቩ ላይ ያስነኩ፤ ሌላው እጅ ከሻሲው ይራቅ። ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ይለኩ፣ ደቂቃ ቆይተውም ይድገሙ፤ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ባዶ ከሆነ በኋላ ከራሱ ጥቂት ቮልት መልሶ ያወጣል። በካቻቢቴ ማገናኘት የካፓሲተሩን የውስጥ መያዣ ይጎዳል፣ ብልጭታውም ዓይን ላይ ሊረጭ ይችላል። ቴስተሩም ገመዶቹም ቢያንስ ለ600 ቮልት ዲሲ የተሠሩ ይሁኑ።

ለአምፔ ስንት ቮልትና ስንት ሚሊአምፒር እንደሚያስፈልገው እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

ስኬማው (የሰርኪዩት ሥዕሉ) ካለ እዚያ ላይ ተጽፏል። ከሌለ ከቫልቮቹ ዳታ ሺት ይደመራል። ስቴሪዮ አምፕ እንውሰድ፦ በየቻናሉ ሁለት ኢኤል84 በፑሽ ፑል (ሁለቱ ቫልቮች በተቃራኒ አቅጣጫ እየሠሩ)፣ በድምሩ ሦስት ኢሲሲ83 (ትንሽ የማጉያ ቫልቭ) ያለው። ኢኤል84 በዚህ አሠራር በ300 ቮልት ሲሠራ ድምፅ በሌለበት አኖዱ 36፣ ስክሪኑ 4 ሚሊአምፒር ይወስዳል፤ በሙሉ ኃይል ወደ 46 እና 11 ይደርሳል። ለአራቱ በእረፍት 160፣ በጫፍ 228 ሚሊአምፒር ማለት ነው። እያንዳንዱ ኢሲሲ83 2 ሚሊአምፒር ገደማ ስለሚፈልግ ሦስቱ 6 ይጨምራሉ። ድምሩ በእረፍት 166፣ በጫፍ 234 ነው።

ሂተሩ ደግሞ፦ አራት ኢኤል84 በ0.76 አምፒር 3.04፣ ሦስት ኢሲሲ83 በ0.3 አምፒር 0.9፤ በድምሩ 3.94 አምፒር። በ6.3 ቮልት 4 አምፒር የሚል ጥቅል ቁጥሩን ያሟላል፣ ግን ሁልጊዜ በጣሪያው ላይ ይሠራል። 5 አምፒር ይምረጡ። ሬክቲፋየሩ ጂዜድ34 ከሆነ ለብቻው 5 ቮልት፣ 1.9 አምፒር ያስፈልገዋል።

በዋት ሲታይ ቢ ፕላሱ በእረፍት ወደ 53፣ ሂተሩ 25፣ የሬክቲፋየሩ ሂተር ከ9 በላይ ይወስዳሉ፤ ይህ ሁሉ 88 ዋት ገደማ ነው። ካፓሲተር ያለበት ሬክቲፋየር ከመስመሩ የሚስበው በአጫጭር ምት ስለሆነ ትራንስፎርመሩ ከዋቱ በላይ መሆን አለበት። ከ130 እስከ 150 ቪኤ (ቮልት ሲባዛ በአምፒር) የሆነ ትራንስፎርመር ለዚህ አምፕ ልክ ነው።

ትራንስፎርመሩ ላይ «300-0-300፣ 200 ሚሊአምፒር» ተጽፏል። ስንት ዲሲ ይወጣዋል?

ጽሑፉ ከጥቅሉ መሃል ጫፍ ወደ እያንዳንዱ ጎን 300 ቮልት ኤሲ ማለት ነው። ያለ ጭነት የኤሲው 1.41 እጥፍ፣ ማለትም 424 ቮልት ይሆናል። ጭነት ሲገባ ይወርዳል፤ ምን ያህል እንደሚወርድ የሚወስነው ሬክቲፋየሩ ነው። የጂዜድ34 ዳታ ለ300-0-300 በ250 ሚሊአምፒር 330 ቮልት አካባቢ ያሳያል። በሲሊኮን ዳዮድ ከሆነ 380 እና ከዚያ በላይ ይጠብቁ። ለግምት ያህል፦ ለቫልቭ ሬክቲፋየር የኤሲውን 1.1 ጊዜ፣ ለሲሊኮን 1.3 ጊዜ ያባዙ።

ሚሊአምፒሩን ሲያነቡ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ አምራች የኤሲውን፣ አንዳንዱ የዲሲውን ይጽፋል። መሃል ጫፍ ባለው ጥቅልና በሁለት ዳዮድ የሚወሰደው ዲሲ ከተጻፈው ኤሲ ጋር እኩል ሊሆን ይችላል። መሃል ጫፍ የሌለው ጥቅል በአራት ዳዮድ ድልድይ ሲሠራ ግን ዲሲው የኤሲው 62 በመቶ ብቻ ነው፤ «200 ሚሊአምፒር ኤሲ» የተባለው በድልድይ ከ124 ሚሊአምፒር ዲሲ በላይ ቢሰጥ ይግላል። ትራንስፎርመር በአንድ ሰዓት ውስጥ እጅ የማያስቀምጥ እየሆነ ካስቸገረ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ከአሜሪካ የመጣ የ117 ቮልት አምፕ በስቴፕ ዳውን ብሰካው በቂ ነው?

ቮልቱን ያስተካክላል፤ ድግግሞሹን ግን አይነካውም። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ሲሠራ፣ በተመሳሳይ ቮልት ብረቱ ውስጥ ያለው መግነጢስ በ20 በመቶ ይጨምራል። አምራቹ ብረት ቆጥቦ ከሆነ ኮሩ (ብረቱ) በመግነጢስ ይሞላል፣ ባዶውን እንኳ ብዙ አምፒር ይስባል፣ ይንዘረዘራል፣ ይግላል። መጀመሪያ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ይመልከቱ፤ «50/60» ካለ ጭንቀት የለም፣ «60 ሳይክል» ብቻ ካለ ነው ጉዳዩ።

110 ቮልት የሚያወጣ ስቴፕ ዳውን ከተጠቀሙ የኮሩ ጫና ከዲዛይኑ በ13 በመቶ ብቻ ይበልጣል፣ ሂተሩም 5.9 ቮልት ያገኛል። ይህን ብዙ ትራንስፎርመር ይሸከመዋል። ጫናውን ለማጥፋት ብለው ወደ 100 ቮልት ቢያወርዱት ሂተሩ 5.4 ቮልት ላይ ይወድቃል፤ ያ ለቫልቮቹ ያንሳል። ሁለቱን ማስታረቅ የሚቻለው እስከዚህ ድረስ ነው። ቫልቮቹን ሁሉ አውጥተው ለአንድ ሰዓት ይሰኩት፤ ባዶውን ሆኖ ከሞቀ በላይ ከጋለ ትራንስፎርመሩ ለ220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ በተሠራ ይቀየር።

ተቃራኒው ጉዞ ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የተወሰደ የጀርመን ሬዲዮ በ60 ኸርዝ ኮሩ ይቀልለዋል። ከጀርባው ያለውን የቮልት መምረጫ ከ220 ማንሳት ብቻ ነው። 110 እና 127 የሚሉ ሁለቱም ካሉ ለ120 ቮልት መስመር 127ን ይምረጡ፤ በ110 ላይ ሂተሩ 6.9 ቮልት ገደማ ይደርሳል። ሳዑዲ ላሉ ደግሞ፣ እዚያ 60 ኸርዝ ቢሆንም ቮልቱ 230 ስለሆነ መምረጫው 220 ወይም 240 ላይ ይቆያል።

አገር ውስጥ ማስጠቅለል ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን ሞተር የሚጠቀልል ባለሙያ ሁሉ ይህን አይሠራም። የከፍተኛ ቮልቴጅ ጥቅል በየንብርብሩ መካከል ማገጃ ወረቀት ይፈልጋል። ሽቦው ዝም ብሎ እንደ ድርና ማግ ከተደራረበ የመጀመሪያው ዙርና የመጨረሻው ዙር ጎን ለጎን ይወድቁና መካከላቸው መቶዎች ቮልት ይሆናል፤ የሽቦው ቫርኒሽ ብቻውን ያን አይችለውም። ሲያዙ ይህን ያስጽፉ፦ 220 ቮልት 50 ኸርዝ መግቢያ፣ የየጥቅሉ ቮልት በጭነት፣ የየጥቅሉ አምፒር፣ በየንብርብሩ ማገጃ፣ በመግቢያውና በመውጫው መካከል ቢያንስ ሦስት ዙር ማገጃ። የቫልቭ ሬክቲፋየሩ 5 ቮልት ጥቅል ራሱ በሙሉ ቢ ፕላስ ላይ ስለሚቀመጥ እሱም እንደ ከፍተኛ ቮልቴጅ መታገድ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይኼኛው ነው።

የቫልቭ ሬክቲፋየሩን በዳዮድ ልቀይረው?

የሚሠራ ቫልቭ ካለ ባይነካ ይሻላል። ዳዮድ ርካሽ ነው፣ አይደክምም፣ 5 ቮልቱንም አይፈልግም። ሆኖም ሁለት ነገር ይቀየራል። ቢ ፕላሱ ከነበረበት ላይ ከ30 እስከ 60 ቮልት ይጨምራል፤ እንደ ኢኤል84 በ300 ቮልትና በ12 ዋት ጣሪያው ላይ የሚሠራ ቫልቭ ያን አይታገስም። ሁለተኛ፣ ሌሎቹ ቫልቮች ሳይሞቁ ሙሉው 424 ቮልት ካፓሲተሮቹ ላይ ያርፋል። ጂዜድ34 እና ኢዜድ81 ቀስ ብለው ስለሚሞቁ ከዚህ ይጠብቃሉ፤ 5ዋይ3 እና 5ዩ4 ግን ፊላመንታቸው ራሱ ካቶድ ስለሆነ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ሙሉውን ይለቁታል።

ዳዮድ መጠቀም ካለብዎት፣ መሃል ጫፍ ባለው 300-0-300 ላይ እያንዳንዱ ዳዮድ በተገላቢጦሽ 848 ቮልት ይሸከማል። 1ኤን4007 1000 ቮልት ይችላል ቢባልም መብራት ከፍ ሲል ትርፉ ስለሚጠፋ በየጎኑ ሁለት ሁለት በተከታታይ ይበየዱ። የጨመረውን ቮልት ሬዚስተር ያወርደዋል፦ 25 ቮልት ትርፍ በ70 ሚሊአምፒር ከሆነ 330 ኦም፣ ያውም 5 ዋት፤ በዳዮዱና በመጀመሪያው ካፓሲተር መካከል የሚያልፈው ምት ከአማካዩ ስለሚበልጥ 2 ዋቱ አይበቃም። በግሩንዲግና በቴሌፉንከን ሬዲዮዎች ውስጥ ያለው ባለ ክንፍ የሴሌኒየም ሬክቲፋየርም የሚቀየረው በዚሁ መንገድ ነው። እሱ ግን ሳይበላሽም ቢቀየር እንመክራለን፤ ሲቃጠል የሚያወጣው ጭስ መርዛማ ነው፣ ሽታውም ከቤት ቶሎ አይወጣም።

ቫልቩን ጠብቀው ማቆየት ለሚፈልጉ አንድ ጥሩ መላ አለ፦ ከትራንስፎርመሩ ወደ ሬክቲፋየሩ ሁለት አኖዶች በሚሄዱት ሽቦዎች ላይ በተከታታይ 1ኤን4007 ይግባ። ቮልቱ አይለወጥም፣ ቫልቩ ውስጥ ብልጭታ ቢፈጠር ግን ትራንስፎርመሩ ይተርፋል።

5ዋይ3 ስላጣሁ ሌላ ባለ ስምንት እግር ሬክቲፋየር ብሰካስ?

ሶኬቱ ይቀበለዋል፣ አምፑ ላይቀበለው ይችላል። 5ዋይ3 የሂተሩ ፍላጎት 2 አምፒር፣ 5ዩ4 ግን 3 ነው፤ በ2 አምፒር ጥቅል ላይ 5ዩ4 ማስገባት ትራንስፎርመሩን ቀስ በቀስ ያበስለዋል። ጂዜድ34 1.9 አምፒር ብቻ ስለሚወስድ ለጥቅሉ አይከብድም፣ ነገር ግን በውስጡ የሚጠፋው ቮልት በጣም ትንሽ ነው። 5ዋይ3 በ125 ሚሊአምፒር 50 ቮልት ያህል ሲያስቀር ጂዜድ34 በእጥፉ ጭነት እንኳ 17 ገደማ ነው የሚያስቀረው። 6ቪ6 ያለው ትንሽ አምፕ ላይ ይህ ልዩነት አኖዱን እስኪያቀላ ሊደርስ ይችላል። አንዳንድ «5ዋይ3» ተብለው የተጻፈባቸው ሩሲያ ሠራሽ ቫልቮች ደግሞ በውስጣቸው ሌላ ዓይነት ስለሆኑ ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቮልት ይሰጣሉ። ጽሑፉን አይመኑ፣ ሰክተው ይለኩ።

ሁም (የመብራት ጉምጉምታ) እንዲጠፋ የመጀመሪያውን ካፓሲተር ትልቅ ባደርገውስ?

የቫልቭ ሬክቲፋየር ካለ ጣሪያ አለው፦ 5ዋይ3 20፣ 5ዩ4ጂቢ 40፣ ኢዜድ80 እና ኢዜድ81 50፣ ጂዜድ34 60 ማይክሮፋራድ። ካፓሲተሩ በተለቀ ቁጥር የሚሞላው በአጭርና በኃይለኛ ምት ነው፤ ያ ምት የሬክቲፋየሩን ካቶድ ይልጠዋል፣ ብልጭታም ያስነሳል። በ1959 ገበያ ላይ የዋለው ዳይናኮ ኤስቲ 70 በጂዜድ34 የሚሠራ ሆኖ የመጀመሪያው ካፓሲተሩ 30 ማይክሮፋራድ ብቻ ነበር። ካፓሲተር ውድ ስለነበር ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት አለው፣ ግን ሬክቲፋየሩም ዕድሜ ያገኘበት ነው። መጨመር ካማረዎት ከቾኩ (ሞገዱን የሚያግድ ባለ ብረት ጥቅል) ወይም ከሬዚስተሩ በኋላ ያለውን ወደ 100 ያሳድጉ፤ ሁሙ የሚቀንሰውም በዋናነት እዚያ ነው።

የቮልት መጠኑ የሚመረጠው በሚሠራበት ቮልት አይደለም፤ ቫልቮቹ ወጥተው፣ መብራትም ከፍ ብሎ ሊደርስ በሚችለው ነው። 300-0-300 ላይ መስመሩ 242 ቮልት ቢደርስ 467 ቮልት ይሆናል፤ ስለዚህ 450 ቮልት የተጻፈበት አይበቃም፣ 500 ይግዙ። 500 ከጠፋ ሁለት ባለ 350 ቮልት፣ 100 ማይክሮፋራድ በተከታታይ ይበየዱና 50 ማይክሮፋራድ፣ 700 ቮልት ይሆናሉ። በእያንዳንዳቸው ላይ 220 ኪሎ ኦም፣ 1 ዋት ማመጣጠኛ ካልተደረገ ቮልቱ እኩል አይካፈልም፣ የከበደበት ይፈነዳል። እነዚሁ ሬዚስተሮች ብሊደርም ይሆናሉ።

ቾክ የግድ ነው ወይስ ሬዚስተር ይበቃል?

ከላይ ያሰላነውን የ166 ሚሊአምፒር አምፕ እንመልከት። በ47 ማይክሮፋራድ ላይ የሚቀረው ሞገድ ከጫፍ ጫፍ ወደ 35 ቮልት ነው። ከዚያ በኋላ 150 ኦም ሬዚስተርና ሌላ 47 ማይክሮፋራድ ቢገባ ሞገዱ 8 ቮልት ይሆናል፤ 25 ቮልት ይጠፋል፣ ሬዚስተሩም ከ4 ዋት በላይ ይሞቃል። በሬዚስተሩ ቦታ 5 ሄንሪ ቾክ ቢገባ ሞገዱ 0.4 ቮልት አካባቢ ይወርዳል፣ የሚጠፋው ዲሲ ግን በሽቦው ኦም ልክ ብቻ ነው።

ፑሽ ፑል አምፕ የአኖዱን ሞገድ በራሱ ስለሚያጣፋ በሬዚስተር መኖር ይችላል። በአንድ ቫልቭ የሚሠራ ሲንግል ኤንድድ አምፕ ግን ያ ጸጋ የለውም፤ እዚያ ቾክ ቢገዛ ገንዘቡ አይቆጭም። ሲገዙ ከሄንሪው ይልቅ የዲሲ አምፒሩን አጥብቀው ይዩ፤ 100 ሚሊአምፒር የተጻፈበት ቾክ 166 ሲያልፍበት ኮሩ ይሞላና ሄንሪው ይጠፋል። ቾኩ ከትራንስፎርመሩ ራቅ ብሎ፣ ኮሩም በ90 ዲግሪ ዞሮ ይታሰር።

የ50 ዓመት ካፓሲተር በቀስታ ቻርጅ ተደርጎ ይድናል?

መደርደሪያ ላይ የቆየ፣ ግን ያልደረቀ ካፓሲተር አንዳንዴ ይመለሳል፦ በ100 ኪሎ ኦም በኩል ቮልቱ ከዝቅተኛ ጀምሮ ለሰዓታት ከፍ እየተደረገ፣ በሬዚስተሩ ላይ የሚቀረው ቮልት እየቀነሰ መሄዱ ይታያል። መቀነሱ ካቆመና ከ2 ሚሊአምፒር በላይ እያፈሰሰ ከቀጠለ፣ ወይም ካፓሲተሩ ከሞቀ፣ አልቋል። ዕለት ተዕለት ለሚሠራ አምፕ ግን አዲስ ያስገቡ። ለመልኩ ሲባል አሮጌው ጣሳ ሻሲው ላይ ይቆይ፣ ሽቦዎቹ ግን ከሥሩ ሙሉ በሙሉ ይነቀሉ። አዲሱን በአሮጌው ላይ ደርቦ መበየድ የሚያፈሰውን ካፓሲተር እዚያው ማስቀጠል ነው።

አምፑን እንዳለ በቫሪያክ (ቮልቱ በማዞሪያ የሚለወጥ ትራንስፎርመር) ቀስ ብሎ ከፍ ማድረግ የሚባለው ዘዴ በቫልቭ ሬክቲፋየር አይሠራም። ፊላመንቱ በግማሽ ቮልት በቂ ስለማይሞቅ ከፍተኛ ቮልቴጅ አይወጣም፤ ከዚያ በድንገት ብዙ መቶ ቮልት ካፓሲተሩ ላይ ይወርዳል። ለጊዜው ዳዮድ ተደርጎ ነው ቫሪያክ የሚጠቅመው።

ከጠገንኩ በኋላ መጀመሪያ እንዴት ላብራው?

ባለ ፊላመንት 60 ወይም 100 ዋት አምፖል ከመስመሩ ጋር በተከታታይ ይግባ፤ ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም። መጀመሪያ ቫልቮቹ ሁሉ ወጥተው ይሰካ፤ አምፖሉ ደብዘዝ ወይም ጨለም ማለት አለበት። ፍም መስሎ ከቆየ ትራንስፎርመሩ ውስጥ የተገናኘ ዙር አለ። ቀጥሎ ሬክቲፋየሩ ብቻ ይግባ፤ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከወረደ ካፓሲተሮቹ እየሞሉ ነው፣ ደምቆ ከቀረ አንዱ ሾርት ነው። በመጨረሻ ስፒከር ተገናኝቶ ሌሎቹ ቫልቮች ይገባሉ። አምፖሉ እያለ የሚለካው ቮልት ዝቅ ያለ ስለሆነ ከስኬማው ጋር አያወዳድሩት።

ፊውዝን በተመለከተ፣ ለዚህ 88 ዋት አምፕ በመግቢያው 1 አምፒር ቀስ ብሎ የሚቃጠለው ዓይነት ይበቃል። ከ117 ቮልት ወደ 220 የተቀየረ አምፕ ላይ የቀድሞው ፊውዝ ከተተወ ጥበቃው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ሁለተኛ ፊውዝ ማድረግ ጥሩ ነው፤ ቦታው ከትራንስፎርመሩ መሃል ጫፍ ወደ ግራውንድ በሚሄደው ሽቦ ላይ ነው። እዚያ አምፒሩ በየምቱ ዜሮ ስለሚሆን ፊውዙ ሲቃጠል ብልጭታው ይጠፋል፤ ንጹሕ ዲሲ ላይ ግን ሊቀጥል ይችላል።

ካፓሲተሩን ቀይሬ ሁሙ አልጠፋም። ከየት ነው?

ድምፁን ይለዩ። ሸካራና ከፍ ያለው 100 ኸርዝ ከሆነ ከሬክቲፋየር በኋላ ያለው ነገር ነው፤ ለስላሳና ጥልቅ የሆነው 50 ኸርዝ ከሂተር፣ ከግራውንድ ወይም ከግቤት ሽቦ ይመጣል። አምፑን አጥፍተው የመጀመሪያውን ኢሲሲ83 ያውጡና እንደገና ያብሩ፤ ከጠፋ ፓወር ሰፕላዩን ይተውት።

100 ኸርዝ ሆኖ ካፓሲተሮቹም አዲስ ከሆኑ፣ የትራንስፎርመሩ መሃል ጫፍ ሽቦ የት እንደታሰረ ይከተሉ። አንዱ የሻሲ ጥግ ላይ በቡሎን ታስሮ፣ የካፓሲተሩ ኔጌቲቭ ሌላ ጥግ ላይ ከሆነ፣ የመሙያው ምት በሙሉ በሻሲው ውስጥ ይጓዛል፤ በመንገዱ ላይ ያለ የግቤት ግራውንድ ሁሉ ይሰማዋል። መሃል ጫፉ በቀጥታ ወደ መጀመሪያው ካፓሲተር ኔጌቲቭ እግር ይሂድ፤ ከዚያ እግር ነው አንድ ሽቦ ወደ ቀሪው ግራውንድ የሚወጣው። 50 ኸርዝ ላይ ደግሞ የሂተሩ ጥቅል መሃል ጫፍ ከሌለው ከሁለቱ ጫፎቹ ሁለት ባለ 100 ኦም ሬዚስተር ወደ ግራውንድ ያድርጉ።

ባለ 12 ቮልት ማሳደጊያ ቦርድ ተጠቅሜ ትራንስፎርመሩን ብተወውስ?

ለፕሪአምፕ (ከኃይል አምፑ በፊት ለሚገባው ትንሽ ማጉያ) ይሆናል። ሁለት ኢሲሲ83 በ250 ቮልት 5 ሚሊአምፒር ቢወስዱ 1.25 ዋት ብቻ ነው። ለኃይል አምፕ ግን አይሞክሩት፤ ርካሽ ቦርዶች ላይ የተጻፈው ዋት ለአጭር ጊዜ የሚገኝ ነው፣ ከግማሹ በላይ አንተማመንበትም። የስዊቺንጉ ጩኸት ወደ ግቤቱ እንዳይገባ ቦርዱ በብረት ሳጥን ውስጥ ይሁን፣ መውጫውም ላይ 1 ኪሎ ኦምና 10 ማይክሮፋራድ ይጨመር።

ከእሱ ይልቅ ለፕሪአምፕ የሚሻለው ሁለት ተራ ባለ 12 ቮልት ትራንስፎርመሮችን ጀርባ ለጀርባ ማያያዝ ነው። የመጀመሪያው 220ን ወደ 12 ያወርዳል፣ ከዚያው 12 ላይ የኢሲሲ83 ሂተሮች ይመገባሉ፣ ሁለተኛው ተገልብጦ 12ቱን ወደ 190 ቮልት ኤሲ አካባቢ ይመልሳል። በአራት ዳዮድና በ47 ማይክሮፋራድ 260 ቮልት ገደማ ይገኛል። የመጀመሪያው 30 ቪኤ፣ ሁለተኛው 10 ቪኤ ቢሆን ለሁለት ኢሲሲ83 ይተርፋል።

ትራንስፎርመር የሌለው ሬዲዮ አለኝ። ይህንስ?

አንዳንድ ትናንሽ ሬዲዮዎችና ፎኖዎች ሂተሮቻቸውን በተከታታይ አያይዘው በቀጥታ ከመስመር ይመገባሉ። የአሜሪካኑ የተለመደ ስብስብ 12ቢኢ6፣ 12ቢኤ6፣ 12ኤቪ6፣ 50ሲ5 እና 35ደብሊው4 ነው፤ ድምራቸው 120 ቮልት አካባቢ ይመጣል። እነዚህ ላይ ሻሲው ከአንዱ የመስመር ሽቦ ጋር የተገናኘ ሊሆን ስለሚችል ስፒናው በተገለበጠ ቁጥር ሻሲው ራሱ ሙሉ መብራት ይሆናል። ገበያ ላይ ያለው ተራ ስቴፕ ዳውን ብዙ ጊዜ አንድ ጥቅል ብቻ ያለው ስለሆነ ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ከመስመሩ አይለይም። ሁለት የተለያየ ጥቅል ያለው፣ 220 ወደ 117፣ 50 ቪኤ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ለማረጋገጥ፣ ትራንስፎርመሩ ተነቅሎ ሳለ በመግቢያውና በመውጫው መካከል ኦም ይለኩ፤ ማንኛውም ንባብ ከመጣ አይሶሌሽን አይደለም። የሻሲው ብሎኖችና ማዞሪያ ጉጦች ክዳናቸው ካልተሟላ ሬዲዮው አይሰካ።

ሁሉም ደህና ነው፣ ቢ ፕላሱ ግን ከስኬማው በ25 ቮልት ይበልጣል። ልቀንሰው?

መጀመሪያ ሌሎቹን ሁለት ቁጥሮች ይለኩ፦ የመስመሩን ቮልትና የሂተሩን። መስመሩ 235፣ ሂተሩ 6.7 ከሆነ አምፑ አልተበላሸም፤ መብራቱ ነው ከፍ ያለው። ሂተሩ 6.3 ሆኖ ቢ ፕላሱ ብቻ ከፍ ካለ ግን የኃይል ቫልቮቹን ባያስ ይመርምሩ፤ ቫልቮቹ የሚገባቸውን አምፒር ካልወሰዱ ቢ ፕላሱ ይወጣል። በ300 ቮልት ስኬማ ላይ የ15 ቮልት ልዩነት ምንም አይደለም።

መብራቱ ከሆነ የሚሻለው መፍትሔ ሁሉንም ቮልት አብሮ የሚያወርደው ነው። 220 ወደ 12 ቮልት፣ 2 አምፒር የሆነች ትንሽ ትራንስፎርመር ይውሰዱ፤ መግቢያዋ መስመሩ ላይ ይገናኝ፣ የ12 ቮልቱ ጥቅል ደግሞ ወደ አምፑ ከሚሄደው ሽቦ ጋር በተከታታይ ይግባ። 235 የነበረው ወደ 222 ይወርዳል፣ ሂተሩም ቢ ፕላሱም አብረው ይስተካከላሉ። ትንሿ ትራንስፎርመር የምትሸከመው 12 ቮልቱን ብቻ ስለሆነ 24 ቪኤዋ ለዚህ አምፕ ከበቂ በላይ ነው። ይህ መስመር ላይ ያለ ሥራ ስለሆነ በተዘጋ ሳጥን፣ ከፊውዝ በኋላ ይታሰር። አምፑን ከማገናኘትዎ በፊት መውጫውን ይለኩ፤ 248 ካነበበ የ12 ቮልቱን ሁለት ሽቦዎች አቀያይሯቸው።